ከእልልታው በኋላ ያለው ሳምንት

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ በተካሄደበት ሆስፒታል ግቢ፣ በማግስቱ ጠዋት ፋሻ ሲፈታ ቆሞ ያየ ሰው ያን ጠዋት አይረሳውም። ለዓመታት በልጅ እጅ ሲመሩ የኖሩ እናት የነርሷን ጣቶች ይቆጥራሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ፊት ሳይዳስሱ ይለያሉ፤ ግቢው በእልልታ ይናጋል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ግማሽ ለሚሆነው የዓይነ ስውርነት ምክንያቱ ይኸው ሞራ ነው። እልልታው ቢያንስ እንጂ አይበዛም።

እኔ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ግን የዘመቻው እንግዶች ከሄዱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ምናልባት ከሺህ ታካሚዎች በአንዱ፣ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ ቁጥር፣ ደኅና ማየት የጀመረው ዓይን በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይቀላል፤ ይጠዘጥዛል፤ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ሐኪሙ መብራት ሲያበራበት በጥቁሩ ክበብ ግርጌ ነጭ መግል እንደ አተላ ረግቶ ያገኛል። ሐኪሞች ኢንዶፍታልማይቲስ ይሉታል፤ የዓይንን ውስጥ የያዘ ኢንፌክሽን ነው። ዓይናር እያወጣ ሰፈሩን ከሚያዳርሰው ተራ የዓይን ሕመም ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ያኛው በሽፋኑ ላይ ይቀራል፤ ይሄኛው ቤቱ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ቤት ደግሞ ለመከላከያ የተሠራ አይደለም። ዓይን 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኳስ ሲሆን፣ አብዛኛውን ውስጡን የሚሞላው 4 ሚሊ ሊትር ያህል ዝልግልግ ነገር ነው፤ የጥሬ እንቁላል ውሃ ይመስላል። ብርሃን ሳይደናቀፍ እንዲያልፍበት ጥርት ያለ መሆን ስላለበት የደም ሥር የለውም። የደም ሥር ከሌለ ደግሞ ዘበኛም የለም፤ አንዲት ባክቴሪያ እዚያ ከደረሰች ያለ ከልካይ ትራባለች። ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን፣ በሬቲና፣ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳም እጅግ ጥብቅ ነው፤ በደም የመጣውን ሁሉ አያሳልፍም። በደጉ ጊዜ የሚጠብቀን ይህ ጥብቅነት በክፉው ቀን ይከዳናል፤ በአፍ የተዋጠ ወይም በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ከበር ይመለሳል። ዘግይተው የሚደርሱት የሰውነት ተዋጊ ሴሎችም ከጠላት ጋር ሬቲናውን ያቆስላሉ። የሞተ ሬቲና አይተካም።

ወንጀለኛው ከሩቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ በወጣው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ዓይኖች 70 በመቶ ገደማው የተያዙት እንደ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ባሉ፣ በሁላችንም ቆዳና በዓይን ቆብ ላይ በሰላም በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። የገዛ ቤተሰብ እንደማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ዓይን ላይ የምትንጠባጠበዋ ቡናማ ፈሳሽ፣ 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን፣ ለእነሱ የተዘጋጀች ናት፤ ርካሽ ናት፤ ደቂቃዎች ትፈልጋለች። እነዚህን ደቂቃዎች ለመቆጠብ የሚቸኩል የቀዶ ሕክምና ክፍል በእኔ ሚዛን ምንም ዓይነት ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖረው አይመሰገንም።

ሁለተኛው መከላከያ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ ዓይን ውስጥ የሚጨመር ጥቂት አንቲባዮቲክ ነው። በአውሮፓ ከ16,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት፣ 1 ሚሊ ግራም ሴፉሮክሲም አደጋውን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያወርደው አሳየ። የሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ደግሞ በሞክሲፍሎክሳሲን ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው፣ ከ600,000 በላይ ዓይኖችን ባካተተው ዘገባ፣ ከ10,000 ዓይኖች 7 ይያዙ የነበረው ወደ 2 ወርዷል። ለእኛ ከአውሮፓው ይልቅ የሚቀርበን ይህ የሕንዱ ነው፤ ብዙ ሕዝብ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ በቀን የማያልቅ ሰልፍ ያለበት ቦታ ላይ የተገኘ ውጤት ነውና።

በሌላ በር የሚገባም አለ። እሾህ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ ዶማ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚፈናጠር ብረት። ከአፈር ጋር የሚገባው ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። በኮርኒያ፣ በዓይን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ በወጣ ቁስል ላይ ቅጠል መጭመቅም ሌላው መንገድ ነው፤ ቁስሉ ሲበሳ መንገዱ ክፍት ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይን ምንም ሳይነካው በደም ተሸክሞ የሚመጣበት አለ፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኞችንና ለረጅም ጊዜ በደም ሥር ቱቦ የተኙ ታማሚዎችን ያገኛል፤ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ሕክምናው ሲነገር ያስደነግጣል፤ መርፌ ዓይን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ በደም በኩል ስለማይደርስ ሌላ መንገድ የለም። ዓይኑ ይደነዝዛል፤ ሐኪሙ ሌንስ በተተካለት ዓይን ላይ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ሬቲና በሌለበት ቦታ ይወጋል። መጀመሪያ ለላቦራቶሪ ጥቂት ጠብታ ይቀዳል፤ ከዚያ 1 ሚሊ ግራም ቫንኮማይሲን፣ በሌላ ስሪንጅ 2.25 ሚሊ ግራም ሴፍታዚዲም ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ ስሪንጅ ከተቀላቀሉ ይረጋሉ። መጠኑ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ጄንታማይሲን የማዕከላዊ ሬቲናን የደም ሥሮች ሲደፍን በመታየቱ ብዙዎች ትተውታል። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ መርፌው ይቀድማል።

ያው የአሜሪካ ጥናት፣ 420 ታካሚዎችን ተከታትሎ ሌላም ነገር አስተማረ። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ መጨመሩ ውጤቱን አላሻሻለም። ቪትሬክቶሚ የሚባለው፣ መግል የያዘውን ዝልግልግ ቆርጦ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ጥቅሙ በግልጽ የታየው ብርሃንና ጨለማን ብቻ መለየት ለቀራቸው ነበር። በአገራችን ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ በመሆናቸው፣ ሩቅ ያለ ሐኪም መርፌውን ሰጥቶ ወዲያው መላክ ይኖርበታል። በመጨረሻ ከጥናቱ ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ በአሜሪካ መኪና ለመንዳት የሚበቃ እይታ አገኙ። ግማሽ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሳይታከሙ ቢቀሩ ኖሮ የሚሆነውን መገመት ከባድ አይደለም። ኢንፌክሽኑ ካልተገታ የዓይኑን ውስጥ ጠርጎ ማውጣት ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በዚሁ ጥናት ግማሽ ያህሎቹ ላይ ምልክቱ የታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ውስጥ ነው፤ ይህም ታካሚው ገጠር ቤቱ ተመልሶ የቀጠሮ ወረቀቱ ትራስ ሥር በተቀመጠበት ሳምንት ነው። ሕመም የሚባል ያልተሰማቸውም ከአራቱ አንዱ ነበሩ፤ ይበልጥ የሚታመነው ምልክት እይታ መመለሱን ትቶ መደብዘዙ ነው።

ስለዚህ እናትዎን ወይም አጎትዎን የሚያስታምሙ ሰው ከሆኑ፣ በእነዚያ ቀናት ዓይናቸው ውኃ አያግኘው፤ ጠበሉም ቁስሉ እስኪድን ይቆይ፣ ቢጠጡት ይበቃል። በየጠዋቱ ያልታከመውን ዓይን ሸፍነው ጣትዎን ያስቆጥሩ። ትናንት የቆጠሩትን ዛሬ ካልቆጠሩ፣ ወይም ዓይኑ ይበልጥ ከቀላና ከጠዘጠዘ፣ ቀጠሮው ገና ነው ሳይሉ በዚያው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ።