ማኅበራዊ መገናኛዎችና የወጣት ተማሪዎች የአእምሮ ጤንነት

1. መግቢያ

በጧቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ተማሪ ለመምህር እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ምክንያቱ ረኀብ ወይም የመንገድ ርቀት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ከነዚህ ጋር ሌላ ተጨምሯል፤ ይኸውም ሌሊቱን በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማሳለፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ የወጣቱን አእምሮ በምን መንገድ እንደሚጎዳና መምህሩ ስልክ ከመንጠቁ አስቀድሞ ምን ሊያውቅ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

2. የጉዳዩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት ወጣቶች መካከል ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአውሮፓ፣ በማዕከላዊ እስያና በካናዳ በተካሄደ ጥናትም ማኅበራዊ መገናኛን መጠቀም ከቁጥጥራቸው ውጭ የሆነባቸው ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ከነበሩበት 7 በመቶ በ2022 ወደ 11 በመቶ ከፍ ብለዋል። ይሁን እንጂ ስልኩ ጭንቀትን እንደሚያመጣ ሁሉ የተጨነቀ ወጣትም ወደ ስልኩ ይሸሻልና፣ ጉዳቱ የሚመጣባቸውን መንገዶች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

3. የጉዳቱ መንገዶች

ሀ/ እንቅልፍ፦ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ይህ ሲጓደል ትኩረት ይቀንሳል፤ ቁጣና ትካዜ ይበረታሉ።

ለ/ ንጽጽር፦ በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያላለፈው እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ በስልክ ላይ ፎቶግራፉ የሚዞረው ያለፈው ነው። ስለዚህ የብዙዎች ዕጣ የሆነው ውድቀት ለእያንዳንዱ ወጣት የብቻው ኀፍረት ሆኖ ይታየዋል።

ሐ/ መሳለቂያ መሆን፦ የልምምድ መምህራንን ለመጎብኘት በሄድንበት በአንድ ት/ቤት አንዲት ተማሪ ለሁለት ሳምንት ቀርታ ነበር። ስም ጠሪ መምህሯ ስንፍና ነው ብሎ መዝግቧል። ኋላ ሲጠየቅ ግን የክፍል ጓደኞቿ ፎቶግራፏን ከስድብ ጋር በቴሌግራም አሠራጭተውት ኖሯል። ቀድሞ የግቢ ስድብ በደወል ያበቃ ነበር፤ ይህኛው ቤት ድረስ ይከተላል።

4. የከተሞቻችን ሁኔታ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ለነዚህ ስልክ ከወላጅ ጋር የሚገናኙበትና ገንዘብ የሚቀበሉበት መሣሪያ ነው። ማታ ማታም «ተኛ» የሚላቸው ወላጅ በአጠገባቸው የለም። ከዚህም በላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ት/ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ተማሪውን ወደ ቴሌግራም የመራነው እኛው መምህራን ነን። ዛሬም የቤት ሥራን በሌሊት የምንልክ አለን።

5. መደምደሚያ

ስለሆነም መንጠቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ስም ጠሪው መምህር ቀሪነትንና ማንቀላፋትን ከመቅጣቱ በፊት ምክንያቱን ለብቻ ይጠይቅ። በመምህራን የሚመሩ የክፍል ቡድኖች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መልእክት አይላክባቸው። በስልክ የሚፈጸም ስድብ በግቢ ውስጥ እንደተፈጸመ ተቆጥሮ ይታይ። ትካዜው የጸናበት ተማሪ ከወላጆቹ ጋር በመመካከር ወደ ጤና ተቋም ይላክ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ይህን በሥነ ልቡና ትምህርት ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል። ያቺ ተማሪ ወደ ክፍሏ የተመለሰችው አንድ መምህር «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ስለጠየቃት ነውና።