ለቤት ውስጥ ማስጌጥ የሚሆን የንድፍ ፕሮግራም ስለ መምረጥ

የቤት ዕቃ፥ የመጋረጃ ጨርቅ፥ የግድግዳ ቀለም ወይም የወለል ሴራሚክ የሚነግድ ሰው ከዕቃው አስቀድሞ ለገዢው የሚያቀርበው አሳብ መሆኑ የታወቀ ነው። ገዢው በመደብሩ ያየው ሶፋ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተስማምቶ፥ ለመተላለፊያም ቦታ ተርፎ ካልታየው በቀር ቀብድ ለመክፈል አይደፍርም። ይህን አሳብ ለገዢው የሚያስረዳው ቀድሞ የአናጢው የእርሳስ ንድፍና የባለሱቁ አንደበት ነበረ። ዛሬ ግን ክፍሉን በልኩ ነድፎ ከነዕቃው የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ልብ ስለሚገኝ፥ የነጋዴው ችግር ከብዙዎቹ መካከል ለእርሱ የሚበጀውን መለየት ሆኗል።

ጉዳዩም እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም። አስመጪው በንድፉ ላይ ባየው ልክ ዕቃውን ካዘዘ በኋላ ስሕተቱ የሚገለጠው ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ፥ ቀረጡ ተከፍሎ፥ ዕቃው በገዢው ደጃፍ ሲራገፍ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የኩሽና ካቢኔ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ35 በሆነ ግድግዳ ላይ አይገጠምም፤ በንድፉ ላይ የተሳሳተችው 5 ሳንቲ ሜትር የሽያጩን ትርፍ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ለነጋዴ የሚበጀው ፕሮግራም ልኩ የሚታመንና የመደብሩ ሠራተኛ ፈጥኖ የሚማረው ነው፤ የሥዕሉ ማማር ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለመማር መቅለሉ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ መግለጥ ይገባል። አውቶካድ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣ ጀምሮ በመሐንዲሶችና በአርክቴክቶች ዘንድ ከፍ ያለ ስም አለው። ብሌንደር የተባለውም በነፃ የሚገኝ ከመሆኑ በላይ የካርቱን ፊልም እስከ መሥራት የሚያደርስ ኃይል አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ጠንቅቆ ለማወቅ ረዘም ያለ ትምህርት ያስፈልጋል። ባለመደብሩ ሠራተኛውን ለወራት አስተምሮ ሰውዬው ሥራውን ቢለቅ፥ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው እንደ ገና ከሀ ሁ ይጀምራል። በጥቂት ቀን የሚለመድ ፕሮግራም ግን ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ያለ ችግር ስለሚተላለፍ፥ የመደብሩ ሀብት ሆኖ ይቀራል።

ለጀማሪ ከሚመቹት መካከል አንደኛው ስዊት ሆም ስሪ ዲ የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን፥ ፈቃዱ ለንግድ ሥራ መጠቀምንም አይከለክልም። በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አሠራሩም የተወሳሰበ አይደለም፤ ይኸውም በገጹ ላይኛ ክፍል የክፍሉ ፕላን ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ይነደፋል፥ ከበታቹም ያው ክፍል ቁመትና ጥልቀት ኖሮት ይታያል። ሠራተኛው ግድግዳውን ከሠመረ በኋላ አልጋውን፥ ጠረጴዛውን ወይም ቁም ሣጥኑን ከዝርዝሩ መርጦ በፕላኑ ላይ ያስቀምጣል፤ የዕቃውንም ወርድ፥ ጥልቀትና ቁመት መደብሩ በሚሸጠው ዕቃ ልክ በቁጥር ይጽፋል። ገዢው የቤቱን ፕላን በወረቀት ይዞ የመጣ እንደ ሆነም ፎቶግራፉን ከሥር አድርጎ በላዩ መንደፍ ይቻላል።

ሁለተኛው ስኬችአፕ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ በሚገኝ ድርጅት ወጥቶ፥ በ2006 ወደ ጉግል፥ በ2012 ደግሞ ትሪምብል ወደ ተባለው ኩባንያ ተዛውሯል። የታወቀበትም ዘዴ በጠፍጣፋ የተሣለውን ቅርጽ በማውስ ወደ ላይ ስቦ አካል እንዲኖረው ማድረግ ነው። ስለዚህ በመደብሩ የሌለ ዕቃ፥ ለምሳሌ ለአንድ ጠባብ ማዕዘን የሚሠራ ቡፌ ወይም መደርደሪያ ነድፎ ለአናጢው ለማስረዳት ከፊተኛው ይሻላል። ነገር ግን በነፃ የሚሰጠው በኢንተርኔት ላይ የሚሠራውና ለግል መገልገያ ብቻ የተፈቀደው ነው፤ ለንግድ የሚገለገልበት ሰው የደንበኝነት ክፍያ መክፈል አለበት። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሚጠየቅ ነጋዴው አስቀድሞ ከባንኩ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል።

ነጋዴው አንዱን ከመያዙ በፊት ፕሮግራሙን በሚከተለው አኳኋን ቢፈትነው ይጠቀማል። አንደኛ፥ ፈተናውን የሚያደርገው ንድፉን በየዕለቱ የሚሠራው ሻጭ ይሁን። ይህ ሰው ከመደብሩ አንዱን ክፍል ለክቶ፥ በርና መስኮቱን በየቦታቸው አድርጎ፥ ሦስት ወይም አራት ዕቃ አስቀምጦ ንድፉን በአንድ ቀን ለመጨረስ ከቻለ ፕሮግራሙ ለመማር የማያስቸግር ነው። በሦስት ቀን ካልሆነለት ግን ሌላውን መሞከር ይሻላል። ሁለተኛ፥ መለኪያው በሜትር መሆኑ ይመርመር። አንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት በጫማና በኢንች ስለሚጀምር፥ አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ያላስተዋለ ሠራተኛ ንድፉን በሙሉ ያበላሻል። ሦስተኛ፥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም መታሰብ አለበት። አራተኛ፥ የተጠናቀቀው ንድፍ በወረቀት ለመታተምና በስልክ ለገዢው ለመላክ የሚመች ይሁን።

አምስተኛው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የሚዞር ፈቃድ የሌለው ቅጂ ርካሽ ቢመስልም፥ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ስለሚችል የመደብሩን የሒሳብ መዝገብና የደንበኞቹን ዝርዝር ለአደጋ ያጋልጣል። በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ሳለ ወደዚህ የሚያደርስ ምክንያት የለም።

በትክክል የተነደፈ ክፍል ለትእዛዝ የሚሆን ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ ርዝመቱ 5 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር፥ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ቢወሰድ የወለሉ ስፋት 20 ካሬ ሜትር ነው። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 56 ያህል ያስፈልጋል፤ ለቆረጣና ለስብራት አንድ አሥረኛ ሲታሰብ 62 ይሆናል። የአራቱ ግድግዳ ስፋት 50.4 ካሬ ሜትር ሲሆን፥ የአንድ በርና የአንድ መስኮት ቦታ 3.7 ካሬ ሜትር ቢቀነስ 46.7 ይቀራል። በቆርቆሮው ላይ አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን የተጻፈ ከሆነ፥ ለሁለት ጊዜ ቅብ 9 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል። በዚህ ዓይነት ሒሳብ የሚሠራ ባለሱቅ ገዢውን አላስፈላጊ ወጪ አያስወጣም፤ ሥራው ተጋምሶ ዕቃ አነሰ ከማለትም ይድናል።

ሆኖም ፕሮግራሙ የሰውን ጥንቃቄ አይተካም። ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ስላልሆነ አንዱን ክፍል ከታች፥ ከመካከልና ከላይ መለካት፥ ከልኮቹም ትንሹን መያዝ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር የሚታየው ቀለም ከቆርቆሮው ቀለም ጋር አንድ ስለማይሆን፥ የቀለሙና የጨርቁ ናሙና በገዢው ቤት ብርሃን መታየት አለበት። በመጨረሻም ልኩ በቁጥር የተጻፈበት ንድፍ ታትሞ፥ ገዢው ፈርሞበት፥ አንዱ ቅጂ በመደብሩ፥ ሌላው በገዢው እጅ ቢቀመጥ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ይሆናል። ትእዛዙ ወደ ውጭ አገር አምራች የሚላከው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።