ለምን ይለቃሉ?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። ከሲዳማ ገጠር የተነሡ ወጣት ሴቶች ስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። ሰው ማግኘት አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ማቆየቱ ነው። እጇ የፈጠነው ልጅ ትለቃለች፣ አዲሷ ከሀ ትጀምራለች።

ከአለቆች የተሰማው መልስ የፋብሪካ ሥርዓት አልለመዱም የሚል ነበር።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ግን በአገራችን አምስት ድርጅቶች ላይ ነገሩን በዕጣ ፈተኑት። ወደ 1000 ከሚጠጉ አመልካቾች ዕጣ የወጣላቸው ተቀጠሩ። ተመራማሪዎቹ የፋብሪካ ሥራ ኑሮን ያነሣል ብለው ነበር የጀመሩት። ውጤቱ ግምታቸውን ገለበጠው። ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመት ሲሞላ የለቀቀው 77 በመቶ ደረሰ። ገቢያቸው ሥራው ካልደረሳቸው አልበለጠም፤ ጤናቸው ግን ተጎዳ። ታዲያ መልቀቃቸው ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነበር!

በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለ ሐዋሳ ያወጡት ዘገባ ስሌቱን በቁጥር አሳየ። መነሻ ደመወዙ በወር 750 ብር፣ ያኔ 26 ዶላር ነበር፤ የባንግላዴሹ 95 ዶላር። ልጆቹ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተውም አይበቃቸውም ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚለቀው ቁጥር ከጠቅላላው ሠራተኛ ጋር ይተካከል ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ይመስለኛል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዳው፣ የከፋው ሰው ወይ ይናገራል ወይ ይሄዳል። ሌሎቹ የሙያው ሰዎች ሪቻርድ ፍሪማንና ጄምስ ሜዶፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ይዘው የአሜሪካ ሠራተኞችን ሲመረምሩ፣ የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ደመወዝ ከፍ እንደሚል፣ የሚለቀውም እንደሚያንስ አገኙ። ማኅበር ያልነበራቸው የሐዋሳ ልጆች በምን ይደራደሩ? በእግራቸው ተደራደሩ። አሠሪውም በደመወዝ ያተረፈውን አዲስ ሰው በማሠልጠን ከሰረው።

ማኅበር ሁሉን አያድንም። አሜሪካ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የምንልክበትን የአጎዋ ዕድል ልትነሳን ስትል፣ ትልቁ የልብስ ገዢ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታውቋል፤ ይህን የትኛውም የኅብረት ስምምነት አያስቀርም። ከአሠሪ ጋር ተቀምጦ የሚፈታውን ግን ለብቻ መሸከም አይገባም።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ያው አዋጅ 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይፈቅዳል። እህቶቼ፣ በአንድ የስፌት መስመር ላይ የምትቀመጡት ከዐሥር ትበልጣላችሁ።