ከዱለት ሳህን እስከ ዓይን

ጁባ ውስጥ አበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ ዱለት ስታዙ የሚቀርብላችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ወጣ ስትሉ ደግሞ መንገድ ዳር ማንጎ ከምራ የተቀመጠች ሴት አትጠፋም። የዱለቱ ጉበትም ማንጎውም ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ ይባላል። እውነት ነው፤ የሚሰጡት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ጉበቱ የያዘው ያለቀለት ሬቲኖል ነው፤ በጉ ከሣር አውጥቶ ያጠራቀመው። የማንጎው ቤታ ካሮቲን ግን ገና ጥሬ ዕቃ ነው። የአንጀት ግድግዳ ላይ ሲደርስ አንድ ኢንዛይም እመሃሉ ላይ ሰንጥቆት ሁለት ሬቲናል ያወጣለታል። በወረቀት ላይ ጥሩ ትርፍ ይመስላል። በተግባር ከምግብ የተገኘ 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን የሚቆጠረው እንደ 1 ማይክሮግራም ሬቲኖል ነው፤ ብዙው ከአሰሩ ሳይላቀቅ ያልፋል። ቅባት ካላገኘ ደግሞ ይብስበታል። ዱለቱ ንጥር ቅቤ አለው። የጁባ ሴቶችም ቅጠላ ቅጠሉን በተፈጨ ለውዝ ሲሠሩት፣ ለጣዕም ብለው ያደረጉት ለቫይታሚኑም መንገድ ይከፍትለታል።

ከአንጀት የወጣው በስብ ተጠቅልሎ፣ በሊምፍ ቧንቧ አድርጎ፣ ደም ውስጥ ገብቶ ጉበት ይደርሳል። እዚያ ኩፕፈር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1876 የገለጻቸው ኮከብ መሰል ሕዋሳት ተቀብለው ያስቀምጡታል። በደንብ በሚመገብ ሰው ከሰውነቱ ቫይታሚን ኤ 80 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እዚህ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ለወራት ይበቃል። በክትባት ዘመቻ ጊዜ ቤት ለቤት የሚዞሩት ሠራተኞች የቫይታሚን ኤ እንክብሏን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ሕፃን አፍ ውስጥ የሚጨምቁት በዚሁ ሒሳብ ነው፦ ከ6 እስከ 11 ወር ላለው ሰማያዊው፣ 100,000 ዩኒት፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው ቀዩ፣ 200,000 ዩኒት፤ ከዚያ እስከ 6 ወር ድረስ ጎተራው ያቆየዋል።

ግን ጉበት ሬቲኖልን እንዲሁ አይለቀውም፤ ተሸካሚ ፕሮቲን ያሳፍረዋል። ፕሮቲን ወይም ዚንክ ያጠረው ልጅ ጉበቱ ውስጥ ቫይታሚኑ እያለ ዓይኑ ሊራብ ይችላል። ድንበሩ ላይ፣ ኒሙሌ፣ ዕቃ ተከማችቶ ወደ ጁባ የሚጭነው መኪና እንደጠፋ ማለት ነው።

ዓይን የሚፈልገው ሬቲናልን ነው። ጎበጥ ብሎ ኦፕሲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ የብርሃን ቅንጣት ሲመታው ቀጥ ይላል፤ ነርቭ የሚሰማው ይህን መቃናት ነው። ከዚያ ተላቆ ወደ ኋላ ይሄድና እንደገና ጎብጦ ይመለሳል። ጆርጅ ዋልድ ይህን ዑደት ስለፈታ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አቅርቦቱ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ ዓይን ነው። ቀን ሲሮጥ የዋለ ልጅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ ይዳብሳል፤ የተቀመጠችበትን የሚያውቃት በርጩማ ትጥለዋለች። ዳፍንት የምንለው ይህ ነው። ከጁባ ቁልቁል በዚያው በናይል ወንዝ ዳር የነበሩ የጥንት ግብፆች ለዓይን ሕመም የበሬ ጉበት ይጠቀሙ ነበር፤ ኬሚስትሪውን ባያውቁም አልሳቱም።

ሬቲኖልና ሬቲናል እንደ ዶላርና ፓውንድ ወዲያና ወዲህ ይመነዘራሉ። ሦስተኛው፣ ሬቲኖይክ አሲድ፣ መመለሻ የለውም። እሱ የሕዋስ አስኳል ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ያዛል፦ ቆዳና የመተንፈሻ ቱቦ ሽፋን እንዴት እንደሚታደስ፣ ፅንስ ውስጥ የትኛው ሕዋስ ምን እንደሚሆን። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁለት ቀን ተከታትሎ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው ይህ ሽፋንና የበሽታ መከላከያው እንዳይፈርስ ነው። ትእዛዙ ሲበዛ ግን ያበላሻል። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የዚሁ አሲድ ዘመድ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይታዘዝም፤ እኔ ብጠየቅ ነፍሰ ጡሯ ዱለቱንም አታዘውትረው እላለሁ።

ማንጎው ላይ ይህ ስጋት የለም። ሰውነት በቃኝ ሲል አንጀት መሰንጠቁን ይቀንሳል። የተረፈው ካሮቲን ከቆዳ ሥር ይከማቻል፤ ማንጎና ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ይሆናል፣ የዓይኑ ነጭ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሐኪም ከጉበት በሽታ የሚለየውም በዚህ ነው።