ቱርቦውን ከመቅበራችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ሪማፕ ካስደረግኩ በኋላ መኪናዬ ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት ያጣል፣ ቼክ ኢንጅን ያበራል፣ አጥፍቼ ሳስነሳው ይመለሳል። ጋራዥ ወስጄው ቱርቦ ይቀየር አሉኝ።» የበዛበት ምክንያት ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው በእጁ ያለውን ናፍጣ መኪና አጥብቆ ይዟል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር (ኢሲዩ) ፋይል በሪማፕ አስቀይሬ ያችኑ መኪና ጉልበት ልጨምርላት ይላል። ላፕቶፕና ገመድ የገዛ ሁሉ ደግሞ ሪማፕ ሠሪ ነኝ ብሏል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሪማፕ በተደረገ መኪና ላይ «ቱርቦው ለምን አይሰጥም?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ነው የሚጠየቀው?» በሉ።

ቱርቦ በራሱ ፈቃድ አይነፋም። ኢሲዩው ሞተሩ በስንት ዙር እንዳለ፣ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ፣ የውጭው አየር ምን ያህል እንደሆነ አይቶ «ይህን ያህል ግፊት አምጣ» ይላል። በዘመኑ ናፍጣ ሞተሮች ተርባይኑን የከበቡ ትንንሽ ክንፎች አሉ። ሲጠብቡ ጭሱ ተርባይኑን በኃይል ይመታውና ግፊት ይጨምራል፤ ሲከፈቱ ይቀንሳል። የግፊት ሴንሰሩ የመጣውን መልሶ ይናገራል። የተጠየቀውና የመጣው ከተወሰነ ልክ በላይ ተራርቀው ከቆዩ ኮድ ይጻፋል፦ የመጣው ካነሰ ፒ0299፣ ከበለጠ ፒ0234። ከዚያ መኪናው ራሱን ለማዳን አቅሙን ይቀንሳል። እንግዲህ ኮዱ «ቱርቦው ተበላሽቷል» አላለም፤ ሁለት ቁጥሮች አልተገናኙም ነው ያለው። ሪማፕ የሚነካው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን፣ የሚጠየቀውን ነው።

አሁን ወደ ከፍታ እንምጣ፤ እኛ አገር ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ወደ 77 ይወርዳል። በደሴ መስመር ጣርማ በር ስትደርሱ 70 አካባቢ ነው። ሪማፑ 270 ኪሎፓስካል የሚጠይቅ ቢሆን፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ቱርቦው የውጭውን አየር 2.7 እጥፍ ገደማ ማመቅ አለበት። ያው ፋይል አዲስ አበባ ላይ 3.5 እጥፍ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ 3.9 እጥፍ ይጠይቀዋል። በቀጭን አየር ያን ለማምጣት ዘንጉ የግድ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ እነዚህ ትንንሽ ቱርቦዎች ደግሞ ድሮም በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከሩ ናቸው።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። ኦሪጅናል ፋይል ውስጥ የውጭው ግፊት ሲወርድ የሚጠየቀውን የቱርቦ ግፊት የሚቀንስ ሰንጠረዥ አለ። ብዙ ሪማፕ ሠሪ መኪናው ከፍ ያለ ቦታ እንደሚነዳ ስለማያስብ ያንን ቅናሽ ጠፍጥፎ ያጠፋዋል። (ቱርቦ ዝናውን ያገኘው በተራራ መሆኑ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል 4,300 ሜትር የሚደርስ ተራራ ላይ አውጥቶ ነው ቱርቦውን የሞከረው።)

በቅርቡ የመጣ አንድ 2.8 ሃይሉክስ ላሳያችሁ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በደሴ መስመር ይመላለሳሉ። ጣርማ በር ላይ ፒ0299 ያወጣል፣ ወደ መተሐራ ሲወርዱ ግን መኪናው እንደ ልቡ ይስባል። ይህቺን ሲነግሩኝ ጆሮዬ ቆመ፤ መተሐራ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። የሞተ ቱርቦ ቆላ ወርዶ አይነሳም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱልኝ፤ አያስነሱት።»
«ሳላስነሳው ምኑን ታየዋለህ?»

ብዙ ነገር ይታያል። ሞተሩ ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ከውጭው ግፊት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ 77 አካባቢ። አንዳንድ መካኒክ በሌላ አገር ቪዲዮ 101 ሲባል ሰምቶ 77 ሲያይ ሴንሰር ይቀይራል። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አዲስ አበባ ቆሞ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ነው የሚያጠራጥረው። ስካነር የሚያሳየው ጠቅላላውን ግፊት፣ የውጭውን አየር ጨምሮ መሆኑንም አስታውሱ። ሪማፕ ሠሪው «1.5 ባር» ሲል ብዙ ጊዜ ከውጭው በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይግባቡ የተጣሉ ደንበኛና ባለሙያ አይቻለሁ።

የሳቸው 77 አለ፤ ጤነኛ። ከዚያ በሱሉልታ መውጫ ዳገት እሳቸው እየነዱ እኔ ላፕቶፕ ይዤ ወጣን። (ብቻችሁን እየነዳችሁ ስክሪን አትዩ።) በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ነዳጅ። የሚጠየቀው 270፣ የሚመጣው 215፤ የክንፎቹ ትእዛዝ መጨረሻው ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ። ኢሲዩው ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሟል፣ ግፊቱ ግን አልመጣም። ጭሱ ሌላ ነገር ነገረኝ፦ የአየር መጠን ሴንሰሩ የቆጠረው አየር ሁሉ ሞተሩ ውስጥ አይገባም። ኢሲዩው ግን በተቆጠረው ልክ ናፍጣ ይረጫል።

ቱርቦውን ከኢንተርኩለር የሚያገናኘውን ጎማ ከታች በመስታወት አየሁት። ክላምፑ ከሚነክሰው ጠርዝ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። በጣት ስትጫኗት ዝም ትላለች፤ ሞተሩ ቆሞ ማንም ቢያያት ደህና ነው ይላል። ዙሪያዋን ግን አቧራ ከዘይት ጋር ተለጥፎ ጥቁር ቀለበት ሠርቷል፤ በሌላው የጎማው አካል ላይ አቧራው ደረቅ ነው። አንድ ባር የማይሞላ አየር በኮምፕሬሰር ሰጥተን የሳሙና ውሃ ስንቀባው አፏን ከፈተች፣ አረፋውም ተፍለቀለቀ። ከዚያ በላይ ግፊት አትስጡ፤ ደህናውን ጎማ ታስለቅቃላችሁ።

ጎማው ተቀየረ፤ ጭሱ ጠፋ፣ ግፊቱ 240 ደረሰ። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ሂሳብ ተቀብሎ ይሸኛል። ትእዛዙ ግን አሁንም ጥግ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ኮዱ እንደሚመለስ ግልጽ ነበር። ኦሪጅናሉን ፋይል መልሰን በዚያው ዳገት ስንወጣ የሚጠየቀውና የሚመጣው መስመር ተደራርበው ሄዱ፣ ክንፎቹም ትርፍ አቅም ቀራቸው። ቱርቦው ጤነኛ ነው፤ ፋይሉ ነው የሌለ አየር የሚጠይቀው።

ሪማፕ ሠሪው ሲደወልለት ያቀረበው መፍትሔ «ኮዱን ላጥፋላችሁ» የሚል ነበር። ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም፤ መኪናው ስለሕመሙ እንዳይናገር አፉን መያዝ ነው። ቱርቦው ከልኩ በላይ መፍጠኑን አያቆምም፣ እናንተ ብቻ አታውቁም። ቶዮታ ራሱ ይህንኑ 2.8 ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 ከ130 ወደ 150 ኪሎዋት ሲያሳድገው ሶፍትዌር ብቻ ነክቶ አልተወም፤ ቱርቦውን ጭምር ቀይሯል። በመጨረሻ የከፍታው ቅናሽ ተመልሶ ፋይሉ እንደገና ተጻፈ። ጋሼ አሁንም ከፋብሪካው የተሻለ ጉልበት አላቸው፣ ሪማፕ ሠሪው በወረቀት ከጻፈላቸው ግን ያነሰ።

የሳቸው መኪና ያላሳየኝ ሌሎች መልኮችም አሉ። ግፊቱ ከተጠየቀው በላይ ዘሎ መኪናው ከታፈነ፣ ክንፎቹ በጥላሸት ተይዘው መከፈት አቅቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ብቻ በዝግታ የሚነዳ መኪና ላይ ይበዛል። ግፊቱ ዘግይቶ የሚመጣ ግን በመጨረሻ የሚሞላ ከሆነ፣ ትንሽ ቀዳዳ፣ የሰነፉ ክንፎች፣ ወይም ከቱርቦው በፊት የሚያፈስ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ፈልጉ። የግፊቱ መስመር ከላይ በመላጭ እንደተላጨ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ፋይሉ ሴንሰሩ ማንበብ ከሚችለው በላይ ጠይቆ እንደሆነ አጣሩ። ሁለቱ መስመሮች ተስማምተው መኪናው ግን የማይስብ ከሆነ ቱርቦውን ተዉት፤ ነገሩ ናፍጣ ወይም የጉልበት ገደብ ጋ ነው። የታፈነ ማርሚታና የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ መታየታቸው የታወቀ ነው፤ አላስረዝመውም። የቱርቦውን ዘንግ በእጅ ስትነቀንቁት ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ አትደንግጡ፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከሄደ ግን ያኔ በእርግጥ ቱርቦው ነው።

እኔ እንዳይላችሁ የምትፈልጉ ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ከኮዱ ጋር የተቀመጠውን መረጃ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ የሚጠየቀው ግፊት፣ የሚመጣው ግፊት፣ የክንፎቹ ትእዛዝ፣ የአየር መጠንና የሞተር ዙር ያለበትን ሎግ ላኩ፤ የት ዳገት እንደሆነም ጻፉልኝ። «ቱርቦዬ ሞቷል ወይ?» ብቻ ብሎ ለጻፈ መልስ የለኝም።