ርካሽ የምግብ ማድረቂያ ስለ መምረጥ

የአትክልትና የፍራፍሬ ሀብት የሚጸናው በማምረት ብቻ ሳይሆን ያመረቱትን በማቆየትም ነው። ቲማቲም በበዛበት ሳምንት ዋጋው ወድቆ በየገበያው ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ቲማቲም ተወድዶ ድኻው ሊገዛው ሲቸገር ይታያል። ይህን ጉዳት ከሚያቃልሉት ብልሃቶች አንዱ ማድረቅ ነው። ማድረቅም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቋንጣውና ድርቆሹ ምስክር ናቸው።

ዛሬ ምግባቸውን በእሳት ሳያበስሉ መመገብን የመረጡ ሰዎች በየአገሩ ስላሉ፤ ፍሬውንና ቅጠሉን በለዘብተኛ ሙቀት የሚያደርቅ መሣሪያ በልዩ ልዩ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢሆን፤ ማኅበር ቢሆን፤ ባለ አትክልትም ቢሆን፤ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ አራት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል።

መጀመሪያ የሚወጣውን ውኃ ማስላት ነው። ከ100 እጅ ቲማቲም 94 እጁ ያህል ውኃ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ቲማቲም በሚገባ ሲደርቅ የሚቀረው 700 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፤ ከ9 ኪሎ የሚበልጠው ውኃ ተንኖ መውጣት አለበት። ለዚህም ሙቀት ባይባክን እንኳ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይፈጃል። እንግዲህ 500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ መሥራቱ ነው። በርካሽ ተገዝቶ የመብራት ሒሳብ የሚያበዛ መሣሪያ ርካሽ አይባልም።

ሁለተኛው አየር ነው። ሙቀት ብቻውን አያደርቅም፤ እርጥበቱን ተሸክሞ የሚወጣ አየር ያስፈልጋል። ማራገቢያ የሌለው ማድረቂያ ዋጋው ዝቅ ቢልም ረድፎቹ እኩል ስለማይደርቁ በየጊዜው ማለዋወጥ ግድ ይሆናል። ማራገቢያው ከኋላ ሆኖ አየሩን በረድፎቹ መካከል የሚነፋው ዓይነት ይሻላል።

ሦስተኛው የሙቀት መቈጣጠሪያ ነው። ለአትክልትና ለፍሬ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ነው፤ ሳያበስሉ የሚመገቡት ግን ከ48 ዲግሪ እንዳያልፍ ይሻሉ። ዳሩ ግን ይህን የመሰለ ሙቀት የበሽታን ጀርም አይገድልም። ስለዚህ አትክልቱ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ በስሱም ይከተፍ። ሥጋን በዚህ ሙቀት አድርቆ ሳያበስሉ መብላት አደጋ አለበት።

አራተኛው የቦታው ሁኔታ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ የፀሐይ ሣጥን ይበቃል። ይህም ውስጡ ጥቁር የተቀባ፤ ክዳኑ መስተዋት ወይም ላስቲክ የሆነ፤ ከታች አየር መግቢያ ከላይ መውጫ ያለው፤ ቀዳዳዎቹም ዝንብ በማያሳልፍ መረብ የተሸፈኑ የእንጨት ሣጥን ነው፤ የመንደር አናጢም ይሠራዋል። በአገራችን አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በአማካይ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኀይል ይቀበላል፤ ሣጥኑም የሚጠቀመው ከዚህ ከፊሉን ብቻ ነው። እንግዲያስ በአንድ ካሬ ሜትር ሣጥን 10 ኪሎ ቲማቲም በአንድ ቀን አደርቃለሁ የሚል ሻጭ አይታመን።

በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ምግብ ከመበስበስ የከፋ ጉዳት ያመጣል። በ1960 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የተባሉ ዶሮዎች ሻጋታ የነካው የለውዝ ፋጉሎ በልተው አለቁ፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ መርዝ በርበሬንም ለውዝንም ይይዛል፤ በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም።

ስለዚህ የየወረዳው ሹም ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከማስገዛቱ በፊት አንዱን በአንድ የመከር ወራት ያስፈትን። አትክልቱ ሲገባና ሲወጣ ይመዘን፤ የፈጀው ሰዓትና ኀይል ይጻፍ፤ የደረቀውም አየር በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ከቆየ በኋላ እንዳልሻገተ ይታይ። ከዚህ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ አይባክንም።