በበዓል ማግስት ጫማ ለምን ይጠባል?

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ በበዓል ማግስት ጫማው የጠበበው፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ መስመር የተወበት ሰው አይጠፋም። ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ያህል ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። በአንድ ቀን የመጣው ይህ ጭማሪ ግን በአብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚይዘውም ከበዓሉ ምግብ ጋር የገባው ትርፍ ጨው ነው።

ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው አለው፤ ከደማችን ጋር የሚስማማው መጠን ይህ ነውና። ስለዚህ 9 ግራም ትርፍ ጨው ሰውነት ውስጥ ከቀረ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል። ያ ማለት 1 ኪሎ ነው! ጨው ያስጠማል፤ ኩላሊትም ውሃውን ይቆጥባል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በጥቂት ቀናት በሽንት ያስወጣዋል። ጨው የቀነሰ ሰው ቶሎ የሚቀለውም ውሃው ስለወጣ እንጂ ስብ ስለቀለጠ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ግን የኢትዮጵያውያን አማካይ 8.3 ግራም ነበር። ምክንያቱን ከጓዳችን እንፈልገው፦ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ ከመጨመር በፊት መቅመስ ይገባል።

የእግሩ እብጠት በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ከሆነና በቀናት ውስጥ ካልጠፋ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።